ስለ ባቡር ጭነት ፉርጎዎች ቀለምና ጽሕፈት፤ በአመራመሩ ላይ የቀረበ ሒስ

የምድር ባቡር ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ሎኮሞቲቩ፣ ድልድዩና መሐንዲሱ ነው። የጭነት ፉርጎ ግን የኩባንያውን ገቢ የሚያስገኝ እርሱ ሆኖ ሳለ ከታሪክ ጸሓፊው ዘንድ ብዙ ክብር አላገኘም። ሆኖም በልዩ ልዩ አገር፣ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር፣ ፉርጎዎች በቀድሞ ጊዜ ይቀቡት የነበረውን ቀለምና በላያቸው ይጻፍ የነበረውን ፊደል አጥብቀው የሚመረምሩ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ አሮጌ ፉርጎ አድሰው በቤተ መዘክር የሚያቆሙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ጥቃቅን ባቡር የሚሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹም መጽሐፍ የሚጽፉ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድካማቸውን ለማቃለል ሳይሆን በማስረጃ አመዛዘናቸው ላይ የሚታዩትን ጕድለቶች እየለዩ ለማሳየት ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምናልባት አንባቢው «ፉርጎ ቀይ ሆነ ግራጫ ሆነ ምን ቁም ነገር አለበት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድሞ መስጠት ይሻላል። በእንግሊዝ አገር ከባቡር ኩባንያዎቹ ፉርጎ ሌላ የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች፣ የከሰል ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች የራሳቸው የሆነ ፉርጎ ነበራቸው። በመስከረም 1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መንግሥት ለጋራ አገልግሎት የወሰዳቸው እንዲህ ያሉ የግል ፉርጎዎች ከ500,000 በላይ ነበሩ። ከባለቤቶቹም መካከል አንድ ወይም ሁለት ፉርጎ ብቻ ያለው የትንሽ ከተማ ነጋዴ ነበረ። ይህ ነጋዴ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ሐውልትም አልቆመለትም። ስሙ በትልቁ ተጽፎ በአገሩ ሁሉ የዞረው በፉርጎው ጎን ላይ ነው። ስለዚህ ያንን ጽሕፈት በትክክል መመለስ የአንድን ሰው ሥራና ዘመን በትክክል መመስከር ነው፤ አሳስቶ መመለስም በሐሰት መመስከር ነው።

በመጀመሪያ ሊነቀፍ የሚገባው ጽሕፈቱን እንደ ጌጥ ብቻ የማየት ልማድ ነው። በፉርጎ ላይ የሚጻፈው ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ለሠራተኛ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። በ1842 የተቋቋመው የባቡር ኩባንያዎች የሒሳብ ማጣሪያ ቤት አንዱ ኩባንያ በሌላው ሐዲድ ላይ ስላስኬደው ጭነት ሒሳቡን ያካፍል ስለ ነበር፣ ሐዲዶች በሚገናኙበት ስፍራ የፉርጎ ቍጥር እያዩ የሚመዘግቡ ሠራተኞች ነበሩት። የኩባንያው ፊደልና የፉርጎው ቍጥር ጎልቶ የተጻፈው ለእነርሱ ዐይን ጭምር ነው። ከታች በጥቃቅን አኃዝ የሚታየው የፉርጎው ባዶ ክብደት ነው፤ ይህ ካልታወቀ በሚዛን ላይ የቆመው ጭነት ስንት እንደ ሆነ አይታወቅም። በከሰል ፉርጎ ጎን ላይ ወደ ላይ አግድም የተሰመረው ነጭ መስመር የሚከፈተው የጫፍ በር በየት በኩል እንደ ሆነ ያመለክታል፤ ፉርጎው በተቃራኒው ዞሮ ከማራገፊያው ቢደርስ ከሰሉ አይወርድምና። «ባዶውን ወደዚህ ጣቢያ መልሱ» የሚለው ጽሑፍም የባለቤቱን ማውጫና ያንን ማውጫ የሚያገለግለውን የባቡር ኩባንያ ይነግራል። የለንደንና የሰሜን ምዕራብ ባቡር ኩባንያ ደግሞ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በፊደል ፈንታ ሁለት ነጭ ባለ አራት ማዕዘን ምልክቶች ያኖር ነበር፤ ይህም ማንበብ ለማያውቅ ሠራተኛ የታሰበ እንደ ነበረ ይነገራል።

የጽሕፈቱን ሥራ ያልተረዳ መርማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ነጩን መስመር ውበት መስሎት በር በሌለው ጫፍ ላይ ያሰምረዋል፤ ባዶ ክብደቱንም ከሌላ ፉርጎ ይቀዳዋል። ባዶ ክብደት ግን እንደ ሰው ቁመት ነው፤ ለእያንዳንዱ በየራሱ ተመዝኖ የሚጻፍ ነው እንጂ ለመንደሩ ሁሉ አንድ አይሆንም።

ሁለተኛው ጕድለት የደንብን ቀን ከሥራ ቀን ጋር ማደባለቅ ነው። በ1921 በወጣው ሕግ መሠረት በጃንዋሪ 1 ቀን 1923 ወደ 120 የሚጠጉ ኩባንያዎች ተጠቃለው አራት ትልልቅ ኩባንያዎች ሆኑ። ከእነዚህም ኤል. ኤም. ኤስ. የሚባለው ፉርጎዎቹን ግራጫ ይቀባ ነበር፤ በ1936 ግን ግራጫውን ትቶ ቦክሳይት የተባለውን ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ቀለም ያዘ፤ በዚያው ጊዜም ቀለምና ድካም ለመቈጠብ ሲል በፉርጎው ጎን ሙሉ ይጻፍ የነበረውን ትልቅ ፊደል አሳነሰ። ኤል. ኤን. ኢ. አር. የተባለው ኩባንያ በቫኪዩም ፍሬን የሚሠሩትን ፉርጎዎች ቀይ ቡናማ፣ የቀሩትን ግራጫ ይቀባ ነበር። የደቡቡ ኩባንያ ጥቁር ቡናማ ነበረ። በ1948 ሁሉም ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ፍሬን ያላቸው ቦክሳይት፣ የሌላቸው ግራጫ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ከየትኛው ኩባንያ እንደ መጡም በቍጥሩ ፊት በሚጻፍ አንድ ፊደል ተለየ፤ የግል የነበሩትም ለራሳቸው ፒ የሚል ፊደል ተሰጣቸው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደንብ ነው። ብዙ ሺሕ ፉርጎ በአንድ ሌሊት አይቀባም። እያንዳንዱ ፉርጎ ተራው ደርሶ ወይም ተሰብሮ ወደ ጥገና ቤት እስኪገባ ድረስ አሮጌውን ልብስ ለብሶ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ከ1923 በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶም የጠፋ ኩባንያ ፊደል የያዘ ፉርጎ በሐዲድ ላይ ይታይ ነበር። በጦርነቱም ዘመን ቀለም ስለ ጠፋ አዲስ የተተካው ጣውላ ሳይቀባ ቀርቶ ቍጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ይቀባ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው የ1938ን የጭነት ባቡር አሳያለሁ ብሎ የኤል. ኤም. ኤስ. ፉርጎዎችን በሙሉ አዲስ ቦክሳይት ቢቀባ፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ለብቻው ሲታይ ከደንቡ ጋር የተስማማ ሆኖ ሳለ ባቡሩ በጠቅላላው ሐሰት ይሆናል። ደንቡ የሚሰጠን አዲሱ ቀለም ከመቼ ጀምሮ ሊገኝ እንደሚችል ነው፤ አሮጌው መቼ እንደ ጠፋ ግን አይነግረንም።

ሦስተኛው ጕድለት ፎቶግራፍን ከሚችለው በላይ ማመን ነው። ፎቶግራፍ ስለ ፊደሉ ቅርጽ፣ ስለ ስፍራውና ስለ መጠኑ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል። የጣውላው ወርድ ከታወቀ ፊደሉ ስንት ጣውላ እንደ ያዘ ቈጥሮ ቁመቱን ማግኘት ይቻላል። ስለ ቀለም ግን የጥንቱ ፎቶግራፍ ዝም ከማለት አልፎ ያሳስታል። የመጀመሪያዎቹ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች የሚሰማቸው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነበረ። ጀርመናዊው ሄርማን ፎገል በ1873 ባገኘው ዘዴ አረንጓዴና ቢጫም እንዲሰማቸው ሆነ፤ ቀይን ግን በሚገባ አያዩም ነበር። ቀለምን ሁሉ የሚያይ ሰሌዳ ለገበያ የወጣው በ1906 ነው፤ ከዚያም በኋላ አሮጌው ዓይነት ለብዙ ዓመት ሲሠራበት ኖሯል። በአሮጌው ሰሌዳ ቀይ ነገር ጥቁር ሊመስል የቀረበ ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊው ደግሞ ፈዞ ይነጣል። ስለዚህ በቀይ መደብ ላይ በነጭ የተጻፈና በጥቁር ጥላ የተከበበ ፊደል ጥላው ከመደቡ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፤ ያልተጠነቀቀ መርማሪም «ጥላ የለውም፤ መደቡም ጥቁር ነው» ብሎ ይፈርዳል። አበው «ዐይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚስማማ ነው፤ እዚህ ግን ዐይኑ ራሱ ዕውር ለሆነለት ቀለም ነው የሚመሰክረው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የታላቁ ምዕራብ ባቡር ኩባንያ ጕዳይ ነው። ይህ ኩባንያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፉርጎዎቹን ቀይ ይቀባ እንደ ነበር፣ ኋላም ጥቁር ግራጫ እንደ ያዘ ይታወቃል። በ1904 ደግሞ 25 ኢንች ቁመት ያላቸው ጂ. እና ደብልዩ. የሚሉ ትልልቅ ፊደሎች መጻፍ ጀመረ፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ 16 ኢንች፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላም ወደ 5 ኢንች ወረዱ። የሚያከራክረው ቀዩ የቀረበት ጊዜ ነው። አንዳንዶቹ ግራጫው ከትልልቆቹ ፊደሎች ጋር በ1904 መጣ ይላሉ፤ ሌሎቹ ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት መጥቶ ነበር ይላሉ። ሁለቱም ወገን ፎቶግራፍ ያቀርባል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰሌዳ ቀይና ጥቁር ግራጫ አንድ ዓይነት ጥቁረት ይዘው ስለሚወጡ፣ ሺሕ ፎቶግራፍ ቢደረደር ክርክሩን አይቈርጠውም። ማስረጃ በብዛቱ ሳይሆን በዓይነቱ ይመዘናል፤ ይህን ክርክር ሊቈርጥ የሚችለው ቀኑ የታወቀ የጽሑፍ ትእዛዝ፣ የቀለም ግዢ መዝገብ ወይም የቀለም ንጣፍ ያለው ጣውላ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከሚነቀፉበት ነገር ዋናው በፎቶግራፍ ሊፈታ የማይችለውን በፎቶግራፍ ለመፍታት መድከማቸው ነው።

ከፎቶግራፎችም መካከል ፋብሪካዎች አዲስ የተሠራ ፉርጎ ሲወጣ ያነሡአቸው ከሁሉ ይልቅ ጥርት ያሉ ናቸው። የግሎስተር ፉርጎ ሠሪ ኩባንያ ያነሣቸው ሥዕሎች ታትመው ለብዙ መርማሪ ረድተዋል፤ ኪት ሞንታግ በ1981 ያወጣው መጽሐፍም ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ሥዕል የሙሽራ ሥዕል ነው። ፉርጎው ከሰል ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ያንን መልክ መልሶ አላገኘውም። የፋብሪካውን ሥዕል ብቻ የተከተለ ሰው የሠርጉን ቀን የሕይወቱ ዘመን ሁሉ ያደርገዋል።

አራተኛው ጕድለት ከቃል የሚመጣ ነው። በአሮጌ መዝገብ ውስጥ «የእርሳስ ቀለም»፣ «ቸኮላታ»፣ «ቀይ» የሚል ሲገኝ መርማሪው ደስ ይለዋል፤ ቃሉ ግን ቀለሙ አይደለም። ከእኛው ቋንቋ ምሳሌ ብንወስድ ዳማ የተባለውን ፈረስ ከተለያየ አገር የመጡ ሦስት ሰዎች ቢያዩት አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጠይም ሊለው ይችላል። በዚህ ላይ የፉርጎ ግራጫ የሚዘጋጀው ነጭ የእርሳስ ቀለም ከጥላሸት ጋር በየጥገና ቤቱ እየተበጠበጠ ስለ ነበር የዛሬው ከትናንቱ፣ የአንዱ ቤት ከሌላው ቤት መለየቱ አይቀርም። የእርሳሱ ነጭም ድኝ ያለበት የከሰል ጢስ ሲያገኘው ይጠቍራል። ስለዚህ «ትክክለኛው ግራጫ ይህ ነው» ብሎ አንድ ጠርሙስ ቀለም የሚያሳይ ሰው በዚያ ዘመን ያልነበረውን አንድነት ይፈጥራል። ትክክለኛው አነጋገር «ከዚህ እስከዚህ ባለው መካከል ነበረ» የሚለው ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ጕድለት በዕድሳት ጊዜ የሚደርሰው ጥፋት ነው። በአሮጌ ፉርጎ ጣውላ ላይ ቀለም በቀለም ላይ ተነባብሮ ይገኛል፤ በጥንቃቄ በደረጃ ቢፋቅ የፉርጎው የሕይወት ታሪክ እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ ይገለጣል። እርግጥ ይህም ማስተዋል ይጠይቃል። ከሁሉ በታች የሚገኘው ቀይ ንጣፍ ብረትን ከዝገት፣ እንጨትን ከእርጥበት ለመከላከል የተቀባ መነሻ ሊሆን ይችላልና «ይህ ፉርጎ መጀመሪያ ቀይ ነበረ» ለማለት መቸኰል አይገባም። በንጣፉ ላይ ፊደል ወይም ጥቀርሻ ከተገኘ ግን በዚያ ቀለም ሥራ ላይ እንደ ዋለ ምልክት ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስችለውን ጣውላ በአሸዋ ወረቀት ጨርሶ ልጦ፣ ከሥዕል መጽሐፍ በተቀዳ ቀለም አሳምሮ ማቆም ማለት መዝገቡን አቃጥሎ ግልባጩን እንደ መፍጠር ነው። ግልባጩም ትክክል ላይሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸሓፊ ቤተ መዘክር ገብቶ ያንን ፉርጎ አይቶ «በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ጥቃቅን ባቡር የሚሠራው ደግሞ ከጸሓፊው ይቀዳል፤ ሌላው ጸሓፊም ከጥቃቅኑ ባቡር ይቀዳል። በመጨረሻ አራት ምስክር የተገኘ ይመስላል፤ ቢመረመር ግን የአራቱም አባት አንድ ግምት ነው።

ለመጫወቻ የሚሸጡ ጥቃቅን ፉርጎዎች በዚህ ረገድ ልዩ ጥፋት አላቸው። ሠሪው ብዙ ስም ለመሸጥ ሲል በአንድ ዓይነት ፉርጎ አካል ላይ የብዙ ባለቤቶችን ጽሕፈት ያትማል። የግል ፉርጎዎች ግን በ1887፣ በ1907ና በ1923 በወጡት ደንቦች መሠረት ስለሚሠሩ የአካላቸው አኳኋን ከዘመን ወደ ዘመን ተለውጧል። ከ1923 በፊት ንግዱን የዘጋ ሰው ስም በ1923 ደንብ በተሠራ አካል ላይ ሲታይ ሟች አዲስ ቤት ሠራ እንደ ማለት ነው። ፊደሉ ትክክል፣ አካሉም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሐሰቱ ያለው በሁለቱ መጋባት ላይ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች የሚቆም ተከራካሪ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛ፣ እርግጠኛ ማስረጃ እስኪገኝ ከተጠበቀ አንድም ፉርጎ አይቀባም። ሁለተኛ፣ የሚያየው ሕዝብ ይህን ልዩነት አይለይም። ለመጀመሪያው መልሱ፣ ግምት መቀባት ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ ግምትን እንደ እርግጥ አድርጎ መቀባት ነው። በፉርጎው አጠገብ «ፊደሉ ከፎቶግራፍ የተገኘ ነው፤ የመደቡ ቀለም ግን ግምት ነው» የሚል አንዲት ሰሌዳ ብትቆም ነቀፌታው ሁሉ ይቀራል። ለሁለተኛው መልሱ፣ ሕዝቡ የማይለይ በመሆኑ ነው የሚለየው ሰው ኀላፊነት የሚከብደው።

ጥሩ የሠሩትንም ማመስገን ይገባል። ከመርማሪዎቹ መካከል ከቀለም ይልቅ ከብረት የሚጀምሩ አሉ። የግል ፉርጎ ሁሉ በግርጌው አግዳሚ ላይ የመዘገበውን የባቡር ኩባንያ ስም፣ ቍጥሩንና ዓመቱን የያዘ የብረት ሰሌዳ ነበረው። ቀለም ይታደሳል፤ ይፋቃል፤ ብረቱ ግን ይቆያል። እነዚህ ሰዎች ብረቱን ከመዝገቡ፣ መዝገቡን ቀኑ ከታወቀ ፎቶግራፍ፣ ፎቶግራፉንም ከቀለም ንጣፍ ጋር ያስተያያሉ። አራቱ ሲስማሙ ይናገራሉ፤ ሳይስማሙም አለመስማማታቸውን ይጽፋሉ። የሽማግሌ ሠራተኞችንም ቃል አይንቁም፤ ነገር ግን ሽማግሌው በሥራ ላይ የነበረበትን ዓመትና የጥገና ቤቱን ለይተው ይጠይቃሉ። ሌሎች ሊከተሉት የሚገባ መንገድ ይህ ነው።

ነገሩ ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ በ1897 ከጂቡቲ ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ኩባንያ ወድቆ በ1908 የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ። ከ1936 እስከ 1941 ጠላት አገሩን ያዘ፤ በ1959 ከፈረንሳይ ጋር አዲስ ስምምነት ተደረገ፤ በ1981 ደግሞ ስሙ የጂቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሆነ። የባለቤቱ ስም በተለወጠ ቍጥር በፉርጎው ላይ ያለው ጽሕፈት የሚለወጥበት ምክንያት ይፈጠራል። ስለዚህ በአንድ የድሬዳዋ ፉርጎ ላይ የ1908ን ኩባንያ ስም ምኅጻር ያገኘ ተማሪ፣ ጽሕፈቱ ከዚያ ዓመት በፊት ሊሆን እንደማይችል በድፍረት ሊናገር ይችላል። እስከ መቼ እንደ ቆየ ግን ከላይ ስለ እንግሊዝ እንዳየነው ከስሙ ብቻ አይገኝም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስለ ሆነ፣ ለአንድ ሜትሩ ሐዲድ የተሠሩት አሮጌ ፉርጎዎች በእርሱ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። ሥራ የሌለው ፉርጎ ደግሞ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ለብረት ይሸጣል፣ ወይ ለመታያ ተብሎ አዲስ ይቀባል። በሁለቱም መንገድ ጽሕፈቱ ይጠፋል።

ስለዚህ በዚህ ምርምር ለሚሰማራ ተማሪ የሚከተለው ሥርዓት ይበቃል ብለን እናምናለን። ከማናቸውም አስቀድሞ ፉርጎው እንዳለ ሳይታጠብና ሳይፋቅ በአራቱም ጎን ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በሥዕሉም ውስጥ መለኪያ ይቁም። የብረት ሰሌዳዎቹ ቃል በቃል ይገልበጡ። ቀጥሎ ከማይታይ ስፍራ አንድ ስንዝር ያህል ጣውላ በደረጃ ተፍቆ ንጣፎቹ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ከጎኑም ሌላ አንድ ስንዝር ሳይነካ ለሚቀጥለው መርማሪ ይተው። በመጨረሻም በሚጻፈው ዘገባ ውስጥ የታየው፣ ከታየው ተነሥቶ የተደረሰበትና የተገመተው በሦስት ወገን ይለዩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው በችኰላ የተቀባ ፉርጎ በሚቀጥለው ማስረጃ ይታጠባል፤ በችኰላ የተፋቀው ጣውላ ግን ተመልሶ አይለብስም። ከሁለቱ ስሕተቶች የማይታረመው ይኸኛው ስለ ሆነ፣ መጥረቢያውና የአሸዋ ወረቀቱ ከመዝገብ ሥራው በኋላ ይምጡ።